ጋሩዋ የወሰደው ሰው

ከተማዬ ስሟ ባሕር ዳር ነው፤ እኔ ግን አርባ አራት ዓመት ሙሉ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ያለን ሐይቅ ነው። ጣናን የሚያህል ሐይቅ ደጁ ያለው ሰው ባሕር ምን ያደርግለታል እያልሁ ስጽናና ኖሬያለሁ። ባሕር ያየሁበትን ጉዞ፣ በዚያውም በአንዲት የደቡብ አሜሪካ የወደብ ከተማ ሕዝብ ፊት መሳቂያ የሆንሁበትን ቀን ላውጋችሁ። ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ ያከበድሁት እኔ ነኝ።

ከተማዋ ካያዎ ትባላለች። የፔሩ ወደብ ናት፤ ከዋና ከተማው ከሊማ ጋር ተጣብቃ ነው ያለችው። በነሱ ፊደል ስታዩት "ካላዎ" የሚል ይመስላል፤ ሲነበብ ግን "ካያዎ" ነው። እኔ "ካላዎ" እያልሁ ሦስት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከርሜ፣ የታረምሁት እዚያው ደርሼ ነው። እንግዲህ ስሟን እንኳ አስተካክዬ ሳልጠራ ነው የፈራኋት።

የሄድነው ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንደኛው ኑሩ ነው። ኑሩ ታንኳ ሠሪ ነው፤ አባቱም አያቱም ጣና ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር ነው። ሁለተኛዋ ትብለጥ ናት፤ እኔ በማስተምርበት ኮሌጅ የእጅ ሥራ ታስተምራለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ከገባች አሥር ዓመት ቢሆናትም "ሄድሁ" ስል እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ።

ነገሩ የተጀመረው አንዲት የፔሩ ፕሮፌሰር ጣናን ልትጎበኝ መጥታ ኑሩ ታንኳ ሲሠራ ያየችው ዕለት ነው። ሴትዮዋ ዘጌ ልትሄድ ጀልባ ተከራይታ ነበር፤ ጀልባዋን ትታ ቀኑን ሙሉ ኑሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዋለች። በአገሯም ቶቶራ ከሚባል፣ የእኛን ደንገል ከሚመስል የውኃ ሣር ጀልባ የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ከዓመት በኋላ ደብዳቤ ላከች። ከየአገሩ የሣር ጀልባ ሠሪዎች ካያዎ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ኑሩም መጥቶ በቶቶራ አንድ ታንኳ ይሥራ፤ ሠርቶም ባሕር ላይ ይንዳው፤ አንድ ረዳትና አንድ አስተርጓሚም ይዞ ይምጣ ይላል።

ረዳቱ ትብለጥ ሆነች፤ አስተርጓሚ የሚለውን እንደ ሰማ ግን ኑሩ በቀጥታ ቤቴ መጣ።

"መምህር፣ የፈረንጅ ቋንቋ ታውቅ የለ?" አለኝ።

"የማውቀው እንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ የሚናገሩት ስፓኒሽ ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ለብቻው ሠራ። "ሦስት ወር ስጠኝ" አልሁት።

ሦስት ወር ሙሉ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ስፓኒሽ አጠናሁ። ሚስቴን በስፓኒሽ ጨው አቀብይኝ ስላት ስኳር ታቀብለኛለች፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

የሠፈሬ የዓባይ ማዶ ሰው መሄዴን ሲሰማ ምክሩን አዘነበው። ባለ ሱቋ እትዬ ብርቄ "እዚያ አገር ሰው በጠራራ ፀሐይ ይታገታል አሉ፤ ምን አጣህ ልጄ?" አሉኝ። አንዱ ባለ ባጃጅ ጭራሽ መንገድ ዳር አቁሞ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ፤ ሰዎች ሲሮጡ ይታያል፣ ለምን እንደሚሮጡ አይታይም። ጸጉር አስተካካዬም ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንዳደረገ፣ እዚያ አገር ስለ አንገት የሰማውን ሁሉ ነገረኝ። እቤት ስገባ ሚስቴ የውስጥ ሱሪዬ ላይ ፓስፖርት የሚይዝ ኪስ እየሰፋች ነበር። "እዚህ ድረስ የሚመጣ ሌባ ከመጣ ፓስፖርቱን ስጠው፤ ሐቁ ነው" አለችኝ።

ኪሱ አስተማማኝ ነበር። ችግሩ መንገድ ላይ ሁለት አውሮፕላን መቀየራችን ነው። በየማረፊያው ፓስፖርት በተባለ ቁጥር እኔ ሰልፉን ትቼ ወደ መጸዳጃ ቤት እሮጣለሁ። ሦስተኛው ላይ ትብለጥ "ከዚህ በኋላ አንተዋወቅም፤ ራቅ ብለህ ተሰለፍ" አለችኝ።

ካያዎ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ፕሮፌሰሯ ሌሎች እንግዶች ልታመጣ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ስለነበር፣ ሾፌር ልካ "ነገ እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ" የሚል ወረቀት አስይዛልናለች። ሾፌሩ ሪዛም፣ ወሬ ወዳድ ሰው ነው። መኪናው ከመነሳቱ ማውራት ጀመረ። ከሚያወራው ውስጥ አሥር ጊዜ የሚመላለስ አንድ ቃል ሰማሁ፤ ጋሩዋ። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ውስጥ ብፈልገው የለም። ዙሪያውን ያሉትን ቃላት ግን አውቃቸዋለሁ፤ ጠዋት፣ ከባሕር፣ ይመጣል፣ ምንም አይታይም፣ ወፍራም ልብስ።

"ምን ይላል?" አለኝ ኑሩ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተረጎምሁ። "ጋሩዋ የሚባሉ ወንበዴዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት ከባሕር ይመጣሉ። ሲመጡ የሚያያቸው የለም። ወፍራም ልብስ ልበሱ ይላል።"

"ወፍራም ልብስ ለወንበዴ ምን ያደርጋል?" አለች ትብለጥ።

"ጩቤ እንዳያልፍ ነዋ" አልኋት።

ኑሩ ሾፌሩን በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየው። "ሰውዬው እኮ እየሳቀ ነው የሚያወራው" አለ።

"ለምደውት ነው" አልሁ። ይህን ስናገር የአገር ባህል የማስረዳ ምሁር የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ያረፍነው ላ ፑንታ በሚባለው ሠፈር ነው፤ እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ የገባ ጠባብ መሬት ነው። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ዶኛ ሮሳ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ኮርኒሱን እያሳዩ፣ ትናንት ጋሩዋ እንደመጣ፣ ጣሪያው ላይ በገመድ ያሰጡትን ልብስ ሁሉ እንዲህ እንዳደረገባቸው ይነግሩን ጀመር። "እንዲህ" ያሉትን ቃል አላወቅሁትም። ፊታቸውን አይቼ ሞላሁት።

"ልብሳቸውን ሁሉ ዘርፏቸዋል" አልሁ።

ትብለጥ ኮሪደሩ ላይ በየወንበሩ የተንጠለጠለውን አንሶላና ሸሚዝ አየች። "ታዲያ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?"

"የተረፈው ነው።"

አሮጊቷ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ጃንጥላ ይዘው መጡና "ለጋሩዋ" ብለው ለትብለጥ ሰጧት። ጃንጥላውን ተቀብዬ ጫፉን በጣቴ ሞከርሁት። ብረት ነው፣ ሹል ነው። "መከላከያ ነው፤ ከእጅሽ አይለይ" አልኋት።

ከኑሩ ጋር አንድ ክፍል ደርሶን ነበር። ከመተኛታችን በፊት ቁምሳጥኑን ገፍቼ በሩ ላይ አስደገፍሁት። "ለሱብሒ ስነሳስ?" አለኝ። እዚሁ ስገድ አልሁት፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ አንተ ባለ ሙያ ነህ፣ አንተን ማትረፍ አለብኝ አልሁት። የምሬን ነበር። ከተቀመጥሁ አምስት ደቂቃ የነቃሁ አይመስለኝም።

ስነቃ ነግቷል። ቁምሳጥኑ ቦታው ተመልሷል። ኑሩ የለም። ትከሻዬ ላይ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተደርቧል፤ ሰው የሚያግት ወንበዴ ብርድ ልብስ እንደማያለብስ ግን ያን ጊዜ አልታየኝም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ባይ መንገዱም፣ ማዶ ያለው ቤትም፣ ሰማዩም የሉም። ነጭ ነገር ብቻ ነው። ሲመጡ ምንም አይታይም ያለው ሾፌር ትዝ አለኝ።

ሮጬ የትብለጥን በር ደበደብሁ። "ጋሩዋ ኑሩን ወሰደው" አልኋት።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። የኑሩ ሚስት ዘሃራ ስትሸኘን እጄን ይዛ "አደራህን፤ ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም" ብላኝ ነበር። አምስት ልጆች አሉት። የመጣውም ሦስት ወር ስጠኝ ያልሁትን እኔን አምኖ ነው። ደረጃውን ስወርድ ለዘሃራ የምነግራትን ቃል እፈልግ ነበር፤ በአማርኛም አጣሁት።

ሁለት ጃኬት ደርቤ፣ ከላዩ ጋቢ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ትብለጥ ጃንጥላዋን ይዛ ከኋላዬ ነች። ዶኛ ሮሳ ቤት የሉም። ጥግ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጋሪ ላይ ዓሣ እየከተፈች ትሸጣለች፤ ስሟ ካርመን እንደሆነ ኋላ አወቅሁ። ሦስት ወር ያጠናሁትን ሁሉ አሰባስቤ በስፓኒሽ "ጋሩዋ ጓደኛዬን ወሰደው" አልኋት።

ሴትዮዋ ሰማዩን አየች፤ እኔን አየች። "ጋሩዋ?" አለች።

"ጋሩዋ።"

"ወደ ባሕር?"

ወንበዴዎቹ ከባሕር ነው የሚመጡት ተብሏልና፣ ሲመለሱም ወደዚያው ነው ብዬ አሰብሁ። "አዎ፣ ወደ ባሕር" አልሁ።

ካርመን ቢላዋዋን ጋሪው ላይ ጥላ ጮኸች። ከየቤቱ ሰው ወጣ። አንድ ወጣት ፖሊስ ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ መጣና ስፓኒሽ ባልሆነ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እኔ ግን በድንጋጤ ሳላዳምጠው፣ ሥራዬን ላስመሰግን ብዬ "በስፓኒሽ፣ በስፓኒሽ" አልሁትና ያንኑ ደገምሁለት። እሱም ፊሽካውን ነፋ። ከዚያ ከወደ ወደቡ ደወል ተደወለ። ዓሣ አጥማጆች ቦቲያቸውን እየጎተቱ በአጠገባችን በሩጫ አለፉ። ሠፈሩ በአንድ እግሩ ቆመ።

"አየሽ?" አልኋት ትብለጥን። "ሁሉም ያውቃቸዋል።"

ትብለጥ ፖሊሱን እያየች ነበር። "ሽጉጥ አላወጣም እኮ። ከመኪናው ያወጣው ዋና የማይችል ሰው የሚለብሰውን ጃኬት ነው" አለችኝ።

ሕዝቡ ከቦን ወደ ዳርቻው ወረድን። ዳርቻው አሸዋ የለውም፤ የሾላ ፍሬ የሚያካክል ጠጠር ነው። ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩን ይዞ ይንሸራተትና አንድ ሺህ ሰው ባቄላ የሚያበጥር የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ባሕርን መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፤ ዓይኔ ከጉሙ በቀር ምንም አላየም። ፖሊሱ መልኩን ግለጽልን አለኝ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ነጭ ቆብ ያደረገ አልሁት። እሱም ያንን በሬዲዮ አስተላለፈ። ስድስት ጀልባዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ካርመን እጄን ይዛ አለቀቀችኝም። ሌላዋ ሴት ፎጣዋን አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። አንዲት አሮጊት አማትበው መጸለይ ጀመሩ። የማላውቀው ሕዝብ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ሳይ ሆዴ ባሰኝና አለቀስሁ። ወንበዴዎቹ ክፉዎች ቢሆኑም የቀረው ሰው ደግ ነው ብዬ ልቤ ውስጥ መዘገብሁ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን አንዷ ጀልባ ተመለሰች። ከፊቷ ላይ አንድ ረጅም ሰው ረጅም እንጨት ይዞ ቆሟል፤ ውኃውን ግራና ቀኝ በዓይኑ እየበረበረ ነው። ከጀልባዋ ዘሎ ወረደና ጠጠሩን እየረገጠ ወደኔ መጣ። ኑሩ ነው። ነጩን ቆቡን እንዳይርስበት ኪሱ ከትቶ፣ ሰው ያዋሰውን የሱፍ ቆብ እስከ ጆሮው ስቦታል።

"መምህር፣ አልተገኘም" አለኝ ባዘነ ድምፅ።

"ማን?" አለችው ትብለጥ።

"የጠፋው ሰውዬ። ምስኪን። ለሱብሒ ተነስቼ ባሕሩን ልየው ብዬ ወጣሁ፤ እዚያ ጫፍ ላይ ሚጌል የሚባል ሰው ቶቶራ ሲያስር አገኘሁትና አብሬው ተቀመጥሁ። ደወል ሲደወል ተነስቶ ሮጠ፤ ሰው መጥፋቱን በእጁ አስረዳኝ፤ ና ሲለኝ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። ብዙ ዞርን።" ዙሪያዬን የከበቡትን ሴቶች አየና ድምፁን ቀነሰ። "ዘመዶቹ ናቸው?"

"ኑሩ" አለች ትብለጥ፣ "የጠፋኸው አንተ ነህ።"

ኑሩ ጣቱን ወደ ደረቱ ጠቆመ። "እኔ?"

"አንተ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሱብሒ ጀምሮ።"

ፖሊሱ ጠጋ ብሎ አንዴ ኑሩን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ "ጋሩዋ ወሰደው ያልኸኝ ሰውዬ ይህ ነው?" አለኝ። ለካ መጀመሪያ የጠየቀኝም በእንግሊዝኛ ነበር፤ በስፓኒሽ ካልሆነ ብዬ አፉን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። አዎ እሱ ነው፤ ግን ጋሩዋዎች እነማን ናቸው አልሁት። ፖሊሱ መዳፉን ዘርግቶ ጥቂት ጠበቀና አሳየኝ። መዳፉ ላይ ከጤዛ የሚቀጥን ርጥበት አርፏል።

"ይኸው" አለኝ። "ጋሩዋ ይህ ነው።"

ካፊያ ነው። ወገኖቼ፣ ካፊያ ነው። ክረምት ሲሆን ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ከጉም ጋር የሚመጣ ካፊያ። የዶኛ ሮሳን ልብስ ያረጠበው እሱ ነው፤ ጃንጥላውም ጃንጥላ ነው። እኔ ደግሞ ለሕዝቡ "ጓደኛዬ ጉም ውስጥ ባሕር ላይ ጠፋ" ነው ያልሁት። በነሐሴ ከባሕር ዳር የተነሳሁ ሰው፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚነቅል ዝናብ ያሳደገኝ ሰው፣ የእኛ ሠፈር ዶሮ እንኳ የማትጠለለው ካፊያ ነው እንዲያ ያርበደበደኝ።

ፖሊሱ ለሕዝቡ አስረዳ። ስድስት ጀልባ ነዳጅ፣ አንድ ጠዋት ሙሉ ሥራ፣ የአሮጊቷ ጸሎት፤ ያስሩኛል ብዬ እጆቼን አዘጋጀሁ። መጀመሪያ የሳቀችው ካርመን ናት። ቆማ መሳቅ አቃታትና ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቁ ዳርቻውን ሁሉ ያዘው። አሮጊቷ ጸሎታቸውን አቋርጠው ጉንጬን ቆነጠጡኝ። ኑሩ "ምን ይላሉ?" አለኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ "አላውቅም" ብዬ መለስሁ።

ዓሣ ጠብሰው አበሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ፤ መንገድ ላይ ሁሉም "ሴኞር ጋሩዋ" ይሉኛል፣ አቶ ካፊያ እንደማለት ነው፤ የማላውቃቸው ሰዎች ከመስኮት እጃቸውን አውጥተው ካፊያ መኖር አለመኖሩን እየፈተሹ ሰላም ይሉኛል። ፕሮፌሰሯም እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ወሬው ቀድሞ ጠብቋታል።

እውነተኛው ጭንቀት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታንኳው በሦስት ቀን መሠራት አለበት። ኑሩ ቶቶራውን አሸተተው፣ ነከሰው፣ አጠፈው። "ደንገል ሲታጠፍ ይናገራል፤ ይህ ዝም ይላል" አለ። ሚጌል የካርመን ልጅ ነው፤ እሱም ከአባቱ የተማረ ጀልባ ሠሪ ነው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ በእጅ፣ በገመድ፣ በጉልበታቸው ይነጋገራሉ፤ አስተርጓሚ አጠገባቸው ተቀምጦ እያለ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠሩኝም። ትብለጥ ገመድ ስትገምድ ውላ መዳፏ ተላጠ።

አንድ ጊዜ ግን ተጋጩ። ሚጌል ማዕበሉን አሳየና የታንኳው አፍንጫ ከፍ ይበል አለ። ኑሩ "የአባቴ ልክ ነው" ብሎ ፊቱን አዞረ። ማታም እራት አልበላም። በማግስቱ ስንደርስ ግን ብቻውን ቀድሞን መጥቶ የታንኳውን አፍንጫ አንድ ክንድ አንስቶታል። ምንም ሳልጠይቀው "አባቴ ይህን ባሕር አላየም፤ ቢያይ እሱም ያነሳው ነበር" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ታንኳው ውኃ ዳር ቀረበ። ኑሩ ሞከረውና ኋላው ቀሏል አለ፤ ሚዛን የሚሆን ሰው ይፈልጋል። ትብለጥ ወደኔ ጠቆመች። ዳርቻው ላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ "ሴኞር ጋሩዋ" እያለ ማጨብጨብ ጀመረ። ዋና አልችልም፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ የሚል ፊት አልቀረኝም ነበር።

የመጀመሪያው ማዕበል ከፊታችን እንደ ግድግዳ ተነሳ። ዓይኔን ጨፍኜ እግዚኦ አልሁ። ታንኳው አፍንጫውን ሽቅብ ነቀነቀና ወጣ፤ ከዚያ ሆዴን ላይ ጥሎ ቁልቁል ወረደ። ጨው ጨው የሚል ውኃ አፌን፣ ጆሮዬን ሞላው። ሁለተኛውንም ወጣነው። ሦስተኛው ላይ ከፊቴ የሚጮህ ሰው ሰማሁ፤ ንግግሩ አጭር የሆነው ኑሩ እንደ ጎረምሳ እየዘፈነ ይቀዝፋል። ከማዕበሉ ማዶ ውኃው ተዘረጋልን። ጉሙ ሳሳ፤ ዞር ስል ካያዎን ከባሕር ላይ አየኋት። ቢጫና ሰማያዊ የተቀቡ አሮጌ ቤቶች፣ የመርከብ ማንሻዎች፣ ጠጠሩ ላይ እጁን የሚያውለበልብ ሕዝብ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ገና ማየቴ ነበር። እኔም ጮህሁ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደጮህሁ አላስታውስም።

ስንመለስ ማዕበሉ አንስቶ ጠጠሩ ላይ ወረወረን። ታንኳው አልተፈታም። ሚጌል ኑሩን አቅፎ አነሳው፤ እኔን ትብለጥ በጃኬቴ ጎትታ አወጣችኝ።

ለመሰናበቻ ካርመን ቤቷ ምሳ ጋበዘችን። በልተን ስንጨርስ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከፊቴ ተቀመጠችና ቀስ እያለች፣ እንዲገባኝ እየጠበቀች ተናገረች። ስለ አገራችን የሰማችው ክፉ ክፉውን ብቻ ነበር። እንግዶቹ ከየት እንደሚመጡ ስትሰማ ልጇን "ከነሱ ጋር አትቀላቀል" ብላው ነበር። አሁን ሚጌል ባሕር ዳር ሄጄ በደንገል ታንኳ መሥራት እማራለሁ ብሎ አስቸግሯታል። እናት ነኝና ልጠይቅ፤ ልጄ እናንተ ጋ ቢመጣ አያሰጋውም ወይ አለች።

እንደ ምንም አንድ በአንድ ለኑሩ ተረጎምሁለት። ትብለጥ እንደ ጋሩዋ ሌላ ቃል ደግሞ ወንበዴ እንዳላደርግ የምትጠብቅ ይመስል አፍጥጣብኛለች።

ኑሩ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ መለሰ። "ይምጣ በላት። ከልጆቼ አንዱ ነው። እኛ ቤት ያድራል፣ ከእኛ ጋር ይበላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ በላት፤ አስተርጓሚ ይዞ አይምጣ።"

ካርመን ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ቃል በቃል ተረጎምሁላት።